እርሾ ከመርዘኛ ማዕድን ጋር ሲገናኝ

(በወላይታ ሶዶ ለጎልማሶች የንባብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርሾ ነው። «ስለ እርሾማ ምን ልትነግሩን? እርሾን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?» የምትሉ እናቶች እንደምትኖሩ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከሶዶ ጀምሮ እስከ ቦዲቲ፣ እስከ አረካ፣ እስከ ሁምቦ ድረስ እርሾ የማይገባበት ቤት የለም። ቦርዴው በእርሾ ነው፤ ፓርሶው በእርሾ ነው፤ የእንጀራው ሊጥ፣ ዳቦው፣ ጠላው ሁሉ ያለ እርሾ አይሆንም። እኛ የመጣነው እርሾን እንዴት እንደምትጠቀሙበት ለማስተማር ሳይሆን፣ በዓይን የማይታየው የእርሾ ገላ ውስጥ የሚደረገውን ለመንገር ነው። በተለይም እርሾ እንደ እርሳስ፣ እንደ ካድሚየም፣ እንደ መዳብ ካሉ ማዕድናት ጋር ሲገናኝ ምን ያደርጋል የሚለውን እናያለን።

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥነው? አንድ ጠማቂ የጠነሰሰችውን ከፍታ ስታይ አረፋው ከተነሣ፣ ጆሮዋን ስታስጠጋ ሽሽ የሚል ድምፅ ከሰማች፣ «ፈላልኝ» ብላ ደስ ይላታል። ጠጪውም «ደህና ፈልቷል» ይላል። ካልፈላ ደግሞ «ምን ነካው? ውሃው ነው? ዕቃው ነው?» ይባላል። እንግዲህ መፍላቱን እንደ ምስክር ቆጠርነው ማለት ነው። መፍላቱ እርሾው በሕይወት ስለ መኖሩ በእርግጥ ጥሩ ምስክር ነው። ዕቃው ከመርዝ ንጹሕ ስለ መሆኑ ግን ምስክር ሊሆን ይችላልን? ለዚህ መልስ ለማግኘት እርሾ ራሱ መርዝን እንዴት እንደሚያስተናግድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ እርሾ ምንድነው? በአማርኛችን እርሾ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ከትናንቱ ሊጥ ወይም ከትናንቱ ጥንስስ ተርፎ ለዛሬው መነሻ የሚሆነው ነው። ሁለተኛው በዚያ ውስጥ የሚኖረው ደቂቅ ሕያው ፍጡር ነው። ዛሬ እርሾ የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ከእንጉዳይ ወገን ሲሆን መላ አካሉ አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። ትንሽነቱን ለመገመት፣ በማስመሪያችሁ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የምትባለውን ጠባብ ክፍተት ተመልከቱ። በዚያች ክፍተት ውስጥ 200 ያህል የእርሾ ሕዋሳት ጎን ለጎን ሊሰለፉ ይችላሉ። በማጉያ መሣሪያ፣ ማለት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ ወይም ሞላላ ነው። ብዙዎቹ ሕዋሳት ልክ እንደ ድንች ዓይን ጎናቸው ላይ ትንሽ ቡቃያ አላቸው። ያ ቡቃያ አድጎ ሲለይ ሌላ እርሾ ይሆናል። ምግቡና ሙቀቱ ከተመቸው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል። ስኳሩን ይበላል፤ በምትኩ አልኮልና ጋዝ ይሰጣል። አረፋው ያ ጋዝ ነው።

እርሾ ብቻውን አይሠራም። ኮምጣጣ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎችም አብረውት አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የቆጮ ጥናት፣ እኛ በወላይትኛ ኡንቻ የምንለው ምግብ ሲብላላ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ቦርዴም ኮምጠጥ የሚለው በእነርሱ ነው። ይህን መኮምጠጥ ያዙልን፤ ኋላ ስለ ዕቃ ስንናገር እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መርዘኞቹ ማዕድናት እንሂድ። ማዕድን ሁሉ መርዝ አይደለም። ብረት ለደማችን ያስፈልጋል። ዚንክና መዳብም በጥቂቱ ያስፈልጉናል፤ ለእርሾም ያስፈልጉታል። ከመጠን ሲያልፉ ግን ይጎዳሉ። እርሳስ፣ ካድሚየምና ባዜቃ ደግሞ ለገላችን አንዳች ጥቅም የላቸውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። እናንተ የምትጽፉበትም እርሳስ ይባላል። አትደንግጡ፤ በዚያ ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል ጥቁር ነገርና ሸክላ ነው እንጂ ማዕድኑ እርሳስ አይደለም፤ ስም ብቻ ነው የተጋሩት። ማዕድኑ እርሳስ የሚገኘው በመኪና ባትሪ፣ በአንዳንድ ቀለም፣ በብየዳ ማጣበቂያና ከውዳቂ ብረት ቀልጠው በሚሠሩ ዕቃዎች ውስጥ ነው። ካድሚየም በአንዳንድ ባትሪና ቀለም ውስጥ አለ፤ በሲጋራ ጢስም ይገባል።

የእነዚህ ነገር ከጀርም የሚለየው በአንድ ጉዳይ ነው። ጀርም ሕይወት ስላለው ሲፈላ ይሞታል፤ ብዙው ጀርም ኮምጣጣ ውስጥም አይኖርም። እርሳስ ግን ሕይወት የለውም። ብታፈሉት አይሞትም፤ ብታቦኩት አይበሰብስም፤ ብታስቀምጡት አይሻግትም። ከገባበት እስኪያወጡት ድረስ እዚያው ነው።

ታዲያ ወደ እርሾ የሚገባው በየት በኩል ነው? የእርሾ ገላ በር አለው። አንዱ በር ለዚንክ፣ አንዱ ለብረት፣ አንዱ ማንጋኒዝ ለሚባለው ማዕድን የተሠራ ነው። ዳሩ ግን በረኛው እንግዳውን የሚለየው በመልክና በመጠን ነው። ካድሚየም ደግሞ በእነዚህ በሮች ሾልኮ ለመግባት የሚበቃ መመሳሰል አለው። በገበያ ግርግር የሰው መታወቂያ ይዞ እንደሚያልፍ ሌባ ማለት ነው። ከገባ በኋላ የሚፈልገው ድኝን ነው። በእርሾ ገላ ውስጥ ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ብዙዎቹ ፕሮቲኖች እዚህም እዚያም ድኝ አለባቸው፤ ያ ድኝ ለአንዳንዶቹ እጃቸው እንደ ማለት ነው። ካድሚየምም፣ ባዜቃም፣ እርሳስም ድኝን ሲያገኙ ሙጭጭ ብለው ይይዙታል። እጁ የታሰረ ሠራተኛ ምን ይሠራል? ሥራው ይቆማል። አልፎም ገላው ውስጥ ያለው ነገር እንደ ዝገት ያለ ጉዳት ይደርስበታል።

እርሾ ግን ዝም ብሎ አይሞትም። የመጀመሪያው መከላከያ ግድግዳው ነው። የእርሾ ቅጥር ከስኳር ዘሮች የተሠራ ወፍራም አጥር ሲሆን ብዙ ማዕድን እዚያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህ የሞተም እርሾ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ግድግዳ ለመሆን ሕይወት አያስፈልግምና። አጥሩን አልፎ የገባውን ግን በሕይወት ያለው እርሾ ብቻ ነው የሚታገለው። አደጋው ሲሰማ አንድ መልእክተኛ ፕሮቲን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ሕዋሱ እምብርት ይገባል። እምብርቱ ውስጥ የእርሾው የሥራ መመሪያ በሙሉ ተጽፎ ይገኛል። መልእክተኛው ለዚህ ቀን የሚሆነውን ገጽ ገልጦ «ይህ ይሠራ!» ይላል። በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ዓይነት ሥራ ይጀመራል።

ከሚሠሩት ነገሮች ዋነኛው ግሉታታዮን ይባላል። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ድኝ አለባት። ካድሚየም ድኝ ፈላጊ ስለሆነ፣ እርሾው «ድኝ ከፈለግህ ይኸውልህ» ብሎ ግሉታታዮንን ያቀርብለታል። ሁለት ግሉታታዮኖች አንዱን ካድሚየም ግራና ቀኝ ይይዙታል። የታሰረ ሌባ ግን መንገድ ላይ አይተውም፤ እስር ቤት ያስፈልገዋል። እርሾ በገላው ውስጥ ቫኩዎል የሚባል ትልቅ ከረጢት አለው። እኛ ጓዳ እንበለው። በጓዳው ግድግዳ ላይ የተሠራ ፓምፕ ካድሚየሙን ከነአሳሪዎቹ እየሳበ ወደ ጓዳው ይከተዋል። ይህን ፓምፕ የሚያሠራውን ዘር ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ለይተው አገኙት። ያው ፓምፕ ለእርሳስና ለባዜቃም እንደሚያገለግል ኋላ ታወቀ። የሰውም ገላ ለዚህ ዘመድ የሆኑ ፓምፖች አሉት።

ከሁሉም እኛን የገረመን የሚከተለው ነው። ግሉታታዮን በብዛት ለመሥራት ብዙ ድኝ ያስፈልጋል። እርሾው ግን በድንገት ብዙ ድኝ ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳይ አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች መልሱን አሳተሙ። እርሾው በካድሚየም ሲጠቃ፣ በብዛት የሚሠራቸውን አንዳንድ ፕሮቲኖች መሥራት ያቆምና ያንኑ ሥራ የሚሠሩ፣ ነገር ግን ድኝ የሚያንሳቸውን ወንድሞቻቸውን ይሠራል። በዚህ ብልሃት ለፕሮቲን ከሚያወጣው ድኝ 30 በመቶ ያህሉን ይቆጥባል። የተረፈውን ለግሉታታዮን ያውለዋል። ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የወላይታ እናት ናት። ቤት ውስጥ አራስ ስትኖርና ቅቤው ጥቂት ሲሆን፣ ቅቤውን ለአራሷ ታስቀምጥና ለሌላው ቤተሰብ ወጡን በዘይት ትሠራለች። ወጥ አልቀረም፤ ምሳም ተበልቷል፤ ቅቤው ግን ለሚያስፈልገው ዋለ። አንጎል የሌላት፣ በዓይን የማትታይ ሕዋስ ይህን ታደርጋለች ብሎ ማን ያስባል?

ለመዳብ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። መዳብ ሲበዛበት እርሾው ድኝ የሞላባት ትንሽ ፕሮቲን ይሠራል። ይህች ፕሮቲን መዳቡን እንደ ቅርጫት አቅፋ ትይዘዋለች። ይህ ወገን በመጀመሪያ የተገኘው በእርሾ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1957 በፈረስ ኩላሊት ውስጥ ነው፤ በእኛም ኩላሊትና ጉበት ውስጥ አለ። እርሾ ግን አንድ የጨመረው ነገር አለ። መዳብ በሚበዛበት ቦታ ለብዙ ትውልድ የኖረ እርሾ፣ ቅርጫቷ እንዴት እንደምትሠራ የሚናገረውን ገጽ ደጋግሞ ገልብጦ ይገኛል። አንዱ ገጽ አሥርም ከዚያ በላይም ይሆናል። እናንተ በዚህ ክፍል አንድ መጽሐፍ ለሦስት ስትካፈሉ ንባቡ እንዴት እንደሚጓተት ታውቃላችሁ፤ መጽሐፉ ሲበዛ ሥራው ይፈጥናል። ፈረንሳዮች ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወይን ተክላቸውን ከበሽታ ለመጠበቅ መዳብና ኖራ የተቀላቀለበት መድኃኒት ይረጫሉ። በወይን ጠጅ እርሾዎች ዘንድ ይህ የተባዛ ገጽ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ከዚያ ርጭት ጋር ያያይዙታል።

አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ ደግሞ አንዱ ፓምፕ በቀጥታ ከገላው አውጥቶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ወደ ውጭ ሲባል ወዴት ነው? እርሾው ወደሚዋኝበት መጠጥ ነዋ!

ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ ብትሉ፣ የእርሾ መመሪያ በሙሉ ፊደል በፊደል ተነቦ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ገጾቹ ወደ 6,000 ይጠጋሉ። ተመራማሪዎች አንድ አንድ ገጽ እየቀደዱ፣ ማለት አንዱን ዘር እያጠፉ፣ እርሾውን ካድሚየም ውስጥ ያስገቡታል። የትኛው ገጽ ሲጠፋ እርሾው እንደሚሞት ካዩ፣ ያ ገጽ ለምን እንደተጻፈ ያውቃሉ።

የእርሾው ጉልበት ወሰን አለው። መርዙ ሲበዛ መጀመሪያ መባዛቱን ያዘገያል፤ ከዚያ ያቆማል፤ ከዚያ ይሞታል። ዋናው ጥያቄ እንግዲህ ያ ወሰን የት ነው? የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ካድሚየም ከ0.003 ሚሊ ግራም፣ እርሳስ ደግሞ ከ0.01 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። በላቦራቶሪ የሚያድግ ተራ እርሾ ከዚህ የካድሚየም ልክ መቶ እጥፍ በሆነው ውስጥ ኑሮውን ይቀጥላል። እስቲ ይህን አስቡት። ለሰው ከተፈቀደው መቶ እጥፍ መርዝ ያለበት ጥንስስ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። አረፋው ይነሣል፤ ሽሽ ይላል፤ «ደህና ፈልቷል» ይባላል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1900 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተርና በአካባቢዋ ብዙ ሰዎች እግራቸው ይደነዝዝ፣ ያቃጥላቸው፣ ቆዳቸው ይጠቁር ጀመር። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ «መጠጥ አብዝተው ነው» አሉ። ድሆች ስለነበሩ ይህን ማለት ቀላል ነበር። በኋላ ግን አንድ የከተማይቱ ሐኪም፣ ዶክተር ሬይኖልድስ፣ ቢራውን አስመርምረው አርሴኒክ አገኙበት። ቢራ ጠማቂዎቹ ይጨምሩት የነበረው ስኳር የተሠራው አርሴኒክ ባልጠራለት አሲድ ነበር። ከ6,000 በላይ ሰው ታመመ፤ 70 ያህል ሞተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቢራው እንደ ወትሮው እየፈላ ነበር ለገበያ የሚወጣው። እርሾው አላወቀም አንልም፤ አውቆ ራሱን አድኗል። ለጠጪው ግን አልተናገረም።

በካናዳ ኬቤክ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 አረፋው እንዲቆይ ተብሎ ቢራ ውስጥ ኮባልት የሚባል ማዕድን ይጨመር ነበር። ብዙ ቢራ የሚጠጡ ሰዎች ልባቸው እየደከመ 20 ያህሉ ሞቱ። ኮባልቱ ሲቀር በሽታው ቀረ። በደቡባዊ አፍሪካ ገጠሮች ደግሞ የባህል ጠላ በብረት በርሜል መጥመቅ ተለምዶ፣ ኮምጣጣው ጠላ ብረቱን እያሟሟ በጠጪዎች ጉበት ውስጥ ከልክ ያለፈ ብረት ይከማች ነበር። ሐኪሞች ይህን ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጽፈውታል። ብረት ጠቃሚ ነው ያልነውም እንኳ እንዲህ ያደርጋል።

የእኛን ቦርዴ ከእነዚህ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ቢራ ተጣርቶ ነው የሚጠጣው፤ እርሾው ከሥር ይቀራል። እርሾው የያዘውን ማዕድን ይዞ ይቀራል ማለት ነው። ቦርዴ ግን ወፍራም ነው፤ ከነእርሾው፣ ከነጓዳው ይጠጣል። ለዚህም ነው ምግብም መጠጥም የሆነው፤ ገበሬው አንድ ቅል ጠጥቶ እርሻ የሚውልበት። እርሾው ለራሱ ደህንነት ብሎ ጓዳው ውስጥ የቆለፈበት ካድሚየም እኛ ሆድ ውስጥ ሲገባ ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ቁልፉም ይከፈታል። ከዚያ በኋላ መከላከሉ የእኛ ገላ ፋንታ ይሆናል። የእኛ ገላ ደግሞ ካድሚየምን በኩላሊት ውስጥ አስሮ ለአሥርና ለሃያ ዓመታት ይይዘዋል። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ይቀመጣል። በልጆች አእምሮ ላይ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ ልክ እስካሁን አልተገኘም፤ ነፍሰ ጡርም ከደሟ ወደ ፅንሱ ታሳልፈዋለች።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ቦርዴ አትጠጡ ልንል አይደለም። ስለ ዕቃ ነው የምንናገረው። የወላይታ ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩት እንስራና ጋን እርሳስ ያለበት የሚያብለጨልጭ ቅብ የለውም። ቅልም ከተክል ነው። ኡንቻ የሚቀበርበት ጉድጓድም የሚነጠፈው የእንሰት ቅጠል ነው። አያቶቻችን ስለ ካድሚየም ሰምተው ሳይሆን ባላቸው ነገር የሠሩት ሥራ ኮምጣጣ ነገርን ከብረት አርቆት ኖሯል። አሁን ግን ጋን ውድ ነው፤ ይሰበራል፤ ይከብዳል። በርሜልና ባልዲ ርካሽ ነው። በዚህ ጠማቂዋን መውቀስ አይገባም፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ገቢ ነው።

እንግዲህ ያ መኮምጠጥ እዚህ ላይ ይመጣል። ኮምጣጣ ነገር ማዕድንን ያሟሟል። ዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ቦርዴ ቢያድር፣ ዚንኩ ወደ ቦርዴው ይገባል። ብዙ ከገባ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ ሰውም «ቦርዴው ተበላሽቶ ነው» ይላል። ቀለም፣ የፋብሪካ ኬሚካል ወይም የተባይ ማጥፊያ የነበረበት በርሜል በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ከውዳቂ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ ድስቶችም ያሳስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን እንዲህ ባሉ ድስቶች ላይ የተደረገ ጥናት ኮምጣጣ ነገር ሲፈላባቸው እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። ምክንያቱም የሚቀልጠው የተገኘው ሁሉ ነው፤ ማን ይመርጠዋል? ጋን መግዛት ያልቻለች እናት የምግብ ዘይት የነበረበትን የፕላስቲክ ጀሪካን አጥባ ብትጠቀም፣ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ካላት በዚያ ብታደርገው ይሻላል።

የመኪና ባትሪ ነገርም አለ። ባትሪ ፈልጦ እርሳሱን ማውጣት፣ አቅልጦ መሸጥ በየከተማው ያለ ሥራ ነው። በጅማ ከተማ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሥራ የጋራዥ ሠራተኞች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሌሎች ሰዎች የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ሥራ የሚሠራ ልጅ ያላችሁ፣ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር፣ እጁን ሳይታጠብ ከሊጥና ከጥንስስ አጠገብ አይድረስ። የባትሪ ቀፎም ምንም ቢያምር ለእህልም ለውሃም አይሆንም።

አንዲት እናት በዚህ ክፍል «እኔ ሃያ ዓመት በበርሜል ጠምቄያለሁ፤ ምን ሆንኩ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በርሜሉ ንጹሕ ፕላስቲክ ከነበረ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። ካልነበረም ደግሞ የእርሳስ ጉዳት እንደ ወባ ዛሬ ይዞ ነገ አያንቀጠቅጥም። ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ግፊት፣ ትምህርት የማይገባው ልጅ ሆኖ ይመጣል፤ እነዚህም ሌላ መቶ ምክንያት አላቸው። በምላስ አይቀመስም፤ በዓይን አይታይም። የሚለየው በላቦራቶሪ ብቻ ስለሆነ፣ ለቤት የሚሆነው ዘዴ ዕቃውን ከመጀመሪያው መምረጥ ነው።

የእርሾን ችሎታ ሰዎች ለጥቅም ሊያውሉት ሞክረዋል። ቢራ ከተጠመቀ በኋላ የሚተርፈው እርሾ፣ ሞቶም ቢሆን፣ በግድግዳው ማዕድን ስለሚይዝ ከፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ መርዝ ለመልቀም ይሞከራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ያ የጓዳው ፓምፕ ዘር ከእርሾ ተወስዶ ወደ አንዲት ትንሽ ተክል ገብቶ፣ ተክሏ እርሳስና ካድሚየም ያለበትን መሬት ተቋቁማ ማዕድኑን በቅጠሏ እንድትሰበስብ አድርጓል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን መርዙን የጠጣው እርሾና ቅጠል ራሱ ወዴት ይጣላል? ለከብት አይሰጥም፤ ማሳ ላይ አይበተንም። የእኛም አተላ እንዲሁ ነው፤ ከተጠረጠረ ዕቃ የወጣ አተላ እርሾው የሰበሰበውን ስለያዘ ለላምም ለበግም መስጠት አይገባም።

በመጨረሻ የተጠየቅነው «በቆርቆሮ ባልዲ ውሃ መቅዳትስ?» የሚል ነበር። ከቧንቧ እስከ ቤት ውሃ ማመላለስና ኮምጣጣ ነገር ማሳደር አንድ አይደለም፤ ውሃው እንደ ቦርዴ ኮምጣጣ ስላልሆነና ብዙ ስለማይቆይ ባልዲው ለመቅጃ ያገለግላል። ውሃው ቤት ሲደርስ ወደ እንስራው ይገልበጥ። ጥንስሱም፣ እርሾውም፣ ሎሚና ቲማቲም ያለበት ነገርም በባልዲው አይደር።